ያንቺ ድምፅ የታለ?

ጥር 6

ለልጄ፣

ስልክሽን የማላነሳው ታምሜ አይደለም። ጤናዬ ደህና ነው፤ ጉልበቴም የላክሽልኝን ቅባት ከጀመርኩ ወዲህ ተሽሎታል። የማላነሳው አስቤበት ነው። ከእንግዲህ ከእኔ ጋር መነጋገር ከፈለግሽ እንዲህ በወረቀት ነው። ወረቀት ድምፅ የለውም፤ ቆርጠሽ ዘፈን ውስጥ የምትከቺው ነገር አታገኚበትም።

አክስትሽ "ምክንያቱን ንገራት እንጂ ዝም ብለህ አትኩረፍ" ስላለችኝ ልንገርሽ። የላክሽው ሲዲ ሐሙስ ደረሰኝ። ልጄ የሠራችው አልበም ነው ብዬ፣ እኔ እንኳ ሳልሰማው፣ ከጎኔ ካለው ፀጉር አስተካካይ ትልቁን ድምፅ ማጉያ ተውሼ ሱቄ በር ላይ ገተርኩት። ቁልፍ ሊያስቀርጹ የመጡ ደንበኞች ነበሩ። ከመንገዱ ማዶ ያሉትም ሰምተው ወጡ። መጀመሪያ ያ ረጅሙ ሙዚቃ መጣ። ፕሮግረሲቭ ሮክ ይባላል ብለሽኝ የለ? አለቀ ስንል እንደገና ይጀምራል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ወጣና "ይሄ መኪና ሲበላሽ ነው ሲጠገን?" አለኝ። ዝም ብለህ ስማ አልኩት። ኮርቼ ነበር።

ከዚያ የኔ ድምፅ መጣ። "ሄሎ? ልጄ? አለሽ?" ዝም። "በላሽ ዛሬ?" ዝም። "እንዲያው ድምፅሽ ምነው?" ዝም። "በር ቆልፈሻል?" አሁንም ዝም። ከኋላ ከበሮው ይመታል፣ እኔ እለምናለሁ፣ የሚመልስልኝ የለም። ክው ብዬ ቀረሁ። አንዲት ሴትዮ ያስቀረጸችውን ቁልፍ እንኳ ሳትቀበለኝ "አይዞዎት፣ ልጆች እንዲህ ናቸው" ብላኝ ሄደች።

አንቺ እኮ መልሰሽልኛል። እናትሽ ከሞተች ጀምሮ እሁድ እሁድ ሱቁን ዘግቼ ስደውልልሽ አንድም ቀን ሳታነሺ ቀርተሽ አታውቂም። ታዲያ ያንቺን ቆርጠሽ የኔን ብቻ ያስቀረሽው ለምንድነው? ሰው የሌለው፣ ከግድግዳ ጋር የሚያወራ ሽማግሌ አስመሰልሽኝ። እኔ ደንበኛ ለማስቀመጥ ወንበር የማይበቃኝ ሰው ነኝ።

ድምፄን ከዘፈኑ አውጪው። ሌላ ቃል የለኝም።

አባትሽ


ጥር 17

አባዬ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደብዳቤህን ደጋግሜ ስላነበብኩት ግን እንዴት እንደከረምክ አውቃለሁ። በአክስቴ በኩል ያስጠየቅከኝን ልመልስ፤ መስኮቱ ተጠግኗል፣ ብርድ አይገባም። አኩርፈህም መስኮቴን ታስጠይቃለህ።

ይቅርታ አባዬ። መንገድ ላይ እንዲያ መሆንህን ሳስበው ሆዴ ይባባል። ድምፅህ እንዳለበት ያልነገርኩህ ድንገት ሰምተኸው ደስ እንዲልህ ብዬ ነው። ሰፈሩን ሰብስበህ ታሰማዋለህ ብዬ መች አሰብኩ። ማሰብ ግን ነበረብኝ፤ አንተን እያወቅኩ።

ስልኬ ጥሪ መቅዳት የጀመረው እማዬ ከሞተች ወዲህ ነው። የእሷ ድምፅ የትም አልተረፈኝም። ያንተንም እንዲሁ እንዳላጣ ብዬ ነው እንጂ ለዘፈን ብዬ አልጀመርኩትም።

አሁን ስለ አልበሙ ላስረዳህ፣ እስከ መጨረሻው አንብበኝ። ታሪኩ ስለ አንዲት ሴት ነው። ስም የላትም። ረጅም ሕንፃ ላይ ትኖራለች፣ ሌላ ረጅም ሕንፃ ውስጥ ትሠራለች። ጠዋት በሩን ካርድ ይከፍትላታል፣ ሊፍቱ ፎቁን ይነግራታል፣ የሂሳብ ማሽኑ "እናመሰግናለን" ይላታል። ሰው ሳያናግራት ይመሻል። ሸክላ ላይ ሲታተም የመጀመሪያው ገጽ ይኸው ነው። የሚረዝመውም ለዚህ ነው፤ የሷም ቀን እንዲሁ ነው የሚረዝመው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስልክ ይደወላል። የደዋዩ ድምፅ ያንተ ነው፣ የማትመልሰው እሷ ናት። ከበሮ መቺያችን፣ ዝምተኛው የምንለው፣ ምቱን የሠራው ካንተ አነጋገር ነው። እንደ ሌላው ዘፈን በአራት አይሄድም፣ በሰባት ነው። ስትጠይቅ ትቸኩላለህ፣ መልስ ስትጠብቅ ዘግየት ትላለህ። እሱን ነው የመታው። ድምፅህን ባወጣው ሁለተኛው ገጽ አብሮ ይፈርሳል።

ሽማግሌው አንተ አይደለህም። ሴትዮዋም ማንም ናት። እባክህ ፍቀድልኝ።

ልጅህ


ጥር 29

ልጄ፣

ስለ እናትሽ ድምፅ የጻፍሽውን ሳነብ ሥራ ፈትቼ ቁጭ አልኩ። እኔም የለኝም። በዚያ አልወቅስሽም። ቅጂ፣ ደግ አደረግሽ።

ሌላው ግን አልተዋጠልኝም። ሴትዮዋ ማንም ከሆነች የማንንም አባት ድምፅ ውሰጂላት። እሷ ላትመልስ እኔ ምን ቤት ነኝ የምለምናት?

ይኸው አንቺ ባመጣሽው ጣጣ ሰፈሩ አላስቀምጥ ብሎኛል። ፀጉር አስተካካዩ ብቻዬን እንዳልበላ ምሳውን ይዞ እየመጣ ነው። ሲያኝክ ያወራል። ትናንት ሁለት ሰዎች ቁልፍ ሳይጠፋባቸው ቁልፍ ሊያስቀርጹ መጡ፣ ሊያጫውቱኝ ነው ነገሩ። ብቻዬን መሆን እንዴት እንደናፈቀኝ አትጠይቂኝ። አንድ ጓጉንቸር ሞርጄ ለመጨረስ በሩን ከውስጥ መዝጋት አማረኝ።

ደግሞ ያ ሰባት ያላችሁት ምት ስምንት ቢሆን ይሻል ነበር። አንድ የጎደለው ይመስላል፤ አብሬ በእግሬ ልመታ ስል ያደናቅፈኛል። ለልጁ ንገሪው።

ደህና ሁኚ። ቃሌ እንዳለ ነው።

አባትሽ


የካቲት 11

አባዬ፣

ለዝምተኛው ነግሬዋለሁ። ሰማኝና ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ፤ ከሱ ይህን ማግኘት ቀላል አይደለም። እንዲያደናቅፍ ብሎ ነው ያጎደለው።

"ሌላ ድምፅ ውሰጂ" አላልክም? ወሰድኩ። አንድ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ለምነን መጣልን። ድምፁ ወርቅ ነው፣ ሰውየውም ጨዋ ነው። "በር ቆልፈሻል?" ሲል ግን ነገ ዝናብ አለ የሚለን መሰለ። ቀስ ብለው ይበሉት አልኩ፣ ቀስ ብሎ አለው፣ ባሰ። ዝምተኛው ዱላዎቹን አስቀምጦ ጃኬቱን ለበሰ። የዚያ ቀን ቀረጻ በዚያው አበቃ።

ከዚያ ተጣላን። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ረጅሙ "አባት አይደሉ? ይቆጣሉ፣ ይረሱታል። እንዳለ እናውጣው" አለ። አባቴን አታውቀውም አልኩት። ብትረሳውም እንኳ አልፈልግም። ያንተን ድምፅ ካንተ ሰርቄ መድረክ ላይ ቆሜ ኪቦርድ ልነካ አልችልም። ያለ አባቴ ቃል አይወጣም ብዬ ቁርጡን ነግሬያቸዋለሁ። ረጅሙ አሁን ሰላም የሚለኝ በግማሽ አፉ ነው።

ያለው ጊዜ ግን ይህ ብቻ ነው። ሸክላ አታሚው ሥራችንን ግንቦት መጀመሪያ ላይ እንድናስረክብ ነግሮናል፤ ካለፈ ወረፋ የለኝም ብሏል። ሦስት ዓመት ከሥራ መልስ ስንለፋበት የኖርነው ነገር ነው። ግማሹን ብቻ ማሳተም አይቻልም፤ ሁለተኛው ገጽ ከሌለ አልበሙ የለም። እኔ ደግሞ ይህን አልበም ማውጣት አለብኝ አባዬ። ለምን ብለህ ብትጠይቀኝ አሳምሬ ልመልስልህ አልችልም፤ ግን አለብኝ።

ምን ባደርግ ትፈቅድልኛለህ? የፈለግከውን በል።

ልጅህ


የካቲት 23

ልጄ፣

ጓደኞችሽ እንዳለ እናውጣው ሲሉሽ እምቢ ማለትሽን ለአክስትሽ ነገርኳት። ለፀጉር አስተካካዩም ነገርኩት። ለሌላም ሰው ነግሬ ይሆናል።

የፈለግከውን በል ካልሽ፣ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያንቺን ድምፅ መልሺው። "በላሽ?" ስልሽ ያልሽኝን፣ "ድምፅሽ ምነው?" ስልሽ ያልሽኝን፣ ሁሉንም እንዳለ መልሺው። እኔ ስጠይቅ አንቺ ስትመልሺ ሰው ይስማ። ያኔ ድምፄ ያንቺ ነው፤ ከፈለግሽ ገልብጠሽ አጫውቺው፣ አንዲት ቃል ከአፌ አይወጣም።

ይህ ከባድ ነገር አይመስለኝም። የቆረጥሽው አንቺ ነሽ፤ የጣልሽበትንም አታጪውም።

አባትሽ


መጋቢት 3

አባዬ፣

ሌላ ነገር ጠይቀኝ። ይህን አልችልም። አልበሙ አይፈቅድም ልልህ ፈልጌ ነበር፣ ጽፌው ቀደድኩት፤ ለአንተ መዋሸት አልሆነልኝም። አልበሙ ይፈቅዳል። እኔ ነኝ የማልችለው።

ልጅህ


መጋቢት 10

ልጄ፣

ለምን?

አባትሽ

(አክስትሽ "ይህን ብቻ ጽፈህ ፖስታ ትልካለህ?" ብላ ሳቀችብኝ። አዎ አልኳት።)


መጋቢት 20

አባዬ፣

አጭሯ ደብዳቤህ ቦርሳዬ ውስጥ ሰንብታለች። ሥራ ቦታ ስልክ በተነሳ ቁጥር ትታወሰኛለች። ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ለማላውቀው ሰው "ምን ልርዳዎት?" እላለሁ። የሁሉንም አነሳለሁ። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ግን ስሜን በትክክል የምታውቀው አይመስለኝም፤ እኔም የሷን ስም ለመጥራት እፈራለሁ።

ያልተቆረጡትን ጥሪዎች ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው። "በላሽ?" ትለኛለህ፣ "በልቻለሁ" እላለሁ፣ ያልበላሁበት ቀን ነው። "ድምፅሽ ምነው?" ትላለህ፣ "ጉንፋን ነው" እላለሁ። ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን ያዘኝ። "ደህና ነሽ?" ስትል "ደህና ነኝ" የምልበት ድምፅ ደግሞ አለ፤ ማዳመጫዬን አውልቄ ጣልኩት። አንተ ሰምተኸው አልፈሃል ብዬ አላምንም።

ያቺ እሁድስ ትዝ ትልሃለች? "በር ቆልፈሻል?" አልከኝ። "አልቆለፍኩም" አልኩህ። "ለምን?" ስትለኝ "ምናልባት ሰው ተሳስቶ ይገባ ይሆናል ብዬ" አልኩህ። እንደ ቀልድ አድርጌ ነው ያልኩት፣ ግን ቀልድ አልነበረም። ፎቃችን ላይ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። አንድ ሰው ቢሳሳትና ቢገባ፣ ይቅርታ ብሎ ቢወጣ እንኳ፣ ያን ቀን አንድ ሰው አናገረኝ ማለት ነው። አንተ ዝም አልክ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። በማግስቱ ደውለህ ስለ ጣሪያው አወራኸኝ።

እና አባዬ፣ ሴትዮዋ ማንም አይደለችም። እኔ ነኝ። ያንተን ድምፅ ትቼ የኔን የቆረጥኩት ለዚህ ነው። ያንተ ሲሰማ ሰው "የታደለች፣ የሚጠይቃት አባት አላት" ይላል። የኔ ከተሰማ ግን ማን መሆኗን ጓደኞቼም ያውቃሉ፣ መሥሪያ ቤቴም ያውቃል። ለምን ላልከኝ መልሱ ይኸው።

ልጅህ


ሚያዝያ 1

ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። አክስትሽ ጥርሷን አስነቅላ ፊቷ አብጧል፣ ቢሆንም ከማውራት አልተመለሰችም። የሱቁ ጣሪያ እንደገና ማፍሰስ ጀምሮ ነበር፣ ቆርቆሮውን አስቀየርኩት። የቁልፍ መቅረጫው ማሽን ጥርሱ ዶልዱሞ አዲስ አዝዣለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ምሳውን ወደ ራሱ ሱቅ መልሷል፤ የሰለቸኝ መስሎት ትንሽ ቅር ብሎታል። ሄጄ አናግረዋለሁ።

የጻፍሽው ደርሶኛል። አንብቤዋለሁ። እሱን ሌላ ቀን እንጽፋለን።

በደንብ ብዪ።

አባትሽ


ሚያዝያ 12

አባዬ፣

የአክስቴን ጥርስ እግዜር ይማርልኝ። ለቆርቆሮውም እንኳን ደስ ያለህ። ሌላ ቀን የሚባል ነገር ግን የለም። በሕይወቴ ለማንም ያልነገርኩትን ነግሬህ ስለ ቆርቆሮ ስትጽፍልኝ ወሽመጤ ነው የተቆረጠው። አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ከተናደድኩ በኋላ ደግሞ ተነስቼ ስቱዲዮ ሄድኩ።

መለስኩት። ሁሉንም። ጉንፋኑን፣ "በልቻለሁ"ውን፣ "ደህና ነኝ"ን፣ የበሩንም። ጥርሴን ነክሼ ሠራሁት። አንድ ነገር ብቻ አወጣሁ። በመጨረሻ የሱቁ ስልክ እጀታ ሲቀመጥ "ኳ" የሚለውን። ያ ከተሰማ የዘጋኸው አንተ መሆንህ ይታወቃል። ከሌለ መስመሩ የተቋረጠ ይመስላል። ላንተ ብዬ ነው።

ጓደኞቼን አስቀምጬ አሰማኋቸው። ፊታቸውን ላለማየት ወደ ግድግዳው ዞሬ ቆምኩ። ሲያልቅ ዝምተኛው "ድገሚው" አለ። ስደግመው እኔ የምመልስባቸው ቦታዎች ላይ ከበሮውን በሙሉ ከቀረጻው አወጣው፤ አንድም ምት አላስቀረም። ረጅሙ "ቤትሽ የት ነው?" አለኝ። ስንት ጊዜ አብረን ተጫውተን ቤቴን አያውቀውም ነበር። እኔም የሱን አላውቀውም። ቅዳሜ ጊታሩን ተሸክሞ መጣ፤ ሊፍቱ ተበላሽቶ በደረጃ ወጣ፣ በሩ ላይ ሲደርስ መናገር አቅቶት ነበር። ውሃ ሰጠሁት። እስኪመሽ ተቀምጦ ስለ ልጁ አወራኝ። ልጅ እንዳለው አላውቅም ነበር።

አዲሱን ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ከመጀመሪያውም ይረዝማል፤ ቻለው። አሁን የምጽፍልህን በደንብ ስማ። የኔን ድምፅ ከእንግዲህ አላወጣውም፤ ፈቀድክም አልፈቀድክም። ያንተ ግን ያንተ ነው። እምቢ ካልክ ያንተን አውጥቼ የኔን መልሶች ብቻዬን አስቀራቸዋለሁ። "በልቻለሁ። ጉንፋን ነው። ደህና ነኝ። አልቆለፍኩም።" የሚጠይቀኝ በሌለበት። ሸክላው እንዲያ ሆኖ ይታተማል። መልስህን እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ።

ልጅህ


ሚያዝያ 22

ልጄ፣ የኔ እናት፣

ቅጂው ደረሰኝ። በዚህኛው ዙር ሞኝ አልሆንኩም፤ ጠዋት ሱቁን ከመክፈቴ በፊት በሩን ዘግቼ ብቻዬን ሰማሁት። ስጨርስ እንደገና አስጀመርኩት። ደንበኛ ውጭ ቆሞ ሲያንኳኳ እሰማለሁ፣ አልከፈትኩለትም።

ከሰዓት ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አወጣሁት። አክስትሽ "አብደሃል እንዴ? የበሩን ነገር አስወጣት፣ ልጅቷ ምን ሆና ነው ይላሉ" ብላ ያዘችኝ። ይበሉ አልኳት። እሷ ይህን ከደፈረች እኔ ምን ቆርጦኝ ነው የማፍረው? መንገዱ ሁሉ ሰማው። ያቺ ቁልፏን ጥላብኝ የሄደችው ሴትዮም ነበረች። ስታዳምጥ ቆይታ "ይህቺ የምትመልሰው ማናት?" አለችኝ። ልጄ ናት አልኳት። ቁልፏን ወሰደች።

ስለ ቆርቆሮ የጻፍኩልሽ ሌላ የምጽፈው አጥቼ አይደለም። እንዴት እንደሚጻፍ አላወቅኩበትም። ያቺ እሁድ እንዴት ትጠፋኛለች? መስመሩ እንዳልተቋረጠ ታውቂያለሽ፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። ተናድጄ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ቤት ሰው እንዳይገባ ቁልፍ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጄ ሰው ይግባ ብላ በሯን ክፍት ስትተወው ምን እላታለሁ? እጀታውን አስቀምጬ እዚያው ጨለማ ሱቅ ውስጥ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ስለ ጣሪያ ያወራሁሽ ለዚያ ነው። ሰፈር ፊት ሽማግሌ አስመሰልሽኝ ብዬ ያኮረፍኩትም፣ እውነቱን ከነገርኩሽ፣ ግማሹ ለሱ ነበር። ዘፈኑ ውስጥ ያንቺን መልስ ሳጣው፣ ያን እሁድ እኔም ሳልመልስልሽ መዝጋቴ አብሮ እንደተደበቀ ገባኝ።

ስለዚህ ፈቅጃለሁ። የኔንም ያንቺንም አሳትሚው። ጓደኞችሽንም ሰላም በዪልኝ፣ በተለይ በደረጃ የወጣውን። ያን ሰባት የሚሉትንም ተለማምጄዋለሁ፤ እግሬ አሁን ብዙ አይደናቀፍም።

አንድ ነገር ግን አልቀበልሽም። ለኔ ብለሽ ያወጣሽውን "ኳ" መልሺው። የኔንም አትቁረጪብኝ። ስልኩን የዘጋሁት እኔ መሆኔን ሰው ይስማ።

ከእሱ ቀጥሎ ባዶ ቦታ አስቀሪልኝ። ይህ የመጨረሻው ወረቀቴ ነው፤ እሁድ ጠዋት እደውላለሁ። ያን ቀን ልመልስልሽ የሚገባኝን ያን ጊዜ እመልስልሻለሁ። መቅጃውን አብሪው።

አባትሽ